«እርስዎስ፥ መምህር?»



በአንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ውስጥ የፖለቲካ ፍልስፍናን ለብዙ ዓመታት አስተምሬአለሁ። ከእነዚያ ዓመታት በአንዱ፥ የመንፈቀ ዓመቱ ትምህርት ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፥ ከኋላ መደዳ የሚቀመጥና ብዙም የማይናገር አንድ ተማሪ እጁን አነሣ። የዕለቱ ርእስ የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ39ኛው አንቀጹ እስከ መገንጠል ድረስ ያወቀው መብት ማለት ነው። እንደ ልማዴ የደጋፊዎቹን ምክንያት ዘረዘርሁ፤ የተቃዋሚዎቹንም እንዲሁ። ተማሪው ተነሥቶ፥ «መምህር፥ አራት ወር ሙሉ ፕላቶ እንዲህ ይላል፥ ሆብስ እንዲህ ይላል፥ ማርክስ እንዲህ ይላል ሲሉን ሰነበቱ፤ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለኝ። ክፍሉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁና፥ «የእኔ ሥራ እናንተ እንድታስቡ ማድረግ እንጂ እኔ የማስበውን መንገር አይደለም» ብዬ አለፍሁት። ብልህ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ተማሪው ግን አልሣቀም፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄው አልተወኝም። ፖለቲካን የሚያስተምር ሰው በተማሪዎቹ ፊት የራሱን ፍርድ መግለጽ ይገባዋልን? ወይስ መሸሸግ? ቢሸሽገውስ፥ ዝምታው ለተማሪዎቹ ነፃነት የተደረገ አክብሮት ነው ወይስ ለራሱ የተበጀ መጠለያ? ይህ የመምህራን የጓዳ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልጆቻችሁን ወደ ዩኒቨርሲቲ የምትልኩ ወላጆች ሁሉ፥ ማንም ሳይጠይቃችሁ የጉዳዩ ባለቤቶች ናችሁ።

የኬሚስትሪ መምህር ስለ ጨው ሲያስተምር፥ ጨው በክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ አያዳምጠውም። የፖለቲካ ሳይንስ መምህር ግን ስለ መንግሥት፥ ስለ ሥልጣን፥ ስለ መታዘዝና ስለ እምቢታ ሲናገር፥ የሚናገርላቸው ነገሮች ከፊቱ ተቀምጠው ይሰሙታል። የአንዱ አባት በአንዱ ዘመን ታስሯል፤ የሌላዋ አጎት በዚያው ዘመን ተሹሟል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ከአንዱ ቤተ ሰብ ወስዶ ለሌላው ሰጥቷል፤ የሁለቱም ቤተ ሰቦች ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ፍትሕ የጻፍሁትን ከሰሌዳው ይገለብጣሉ። በዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል ብቻ እንኳ፥ ለምሳሌ «አብዮት» የሚለው፥ ለአንዱ የነፃነት፥ ለሌላው የሐዘን ስም ነው። መምህሩም ራሱ ከአንድ ቤት የወጣ ሰው እንጂ ከሰማይ የወረደ አይደለም።

ለመምህሩ ዝምታ ከቀረቡት ክርክሮች ሁሉ ብርቱ ሆኖ የማገኘው የጀርመናዊውን የማክስ ቬበርን ነው። ቬበር እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 1917 በሙኒክ ከተማ፥ ሳይንስን ሙያ አድርጎ ስለ መያዝ ለተማሪዎች ንግግር አደረገ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አራተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር፤ በዚያችው ዕለት በፔትሮግራድ ቦልሼቪኮች ሥልጣን ለመያዝ ተነሥተው ነበር። ወጣቶቹ ከተናጋሪው የሚሹት ዕውቀት ብቻ ሳይሆን መንገድ የሚያሳያቸው መሪ ነበር። ቬበር ግን ነቢይም ሆነ ቀስቃሽ በመምህር ሰገነት ላይ ቦታ የለውም ሲል ተስፋቸውን ቆረጠ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቀላልም ስለ ሆነ ለመመለስ ያስቸግራል። በአደባባይ የሚናገር ፖለቲከኛ ተቃዋሚ ይነሣበታል፥ ይጮኽበታል። በክፍል ውስጥ ግን ተማሪው ለወደፊት ኑሮው ሲል ተቀምጦ የማዳመጥ ግዴታ አለበት፤ የሚተቸው ሰው በዚያ የለም። መልስ ለመስጠት ዕድል በሌለው ሰው ላይ የራስን አቋም መጫን ለቬበር ነውር ነው። ከዚህም ጋር የመምህር ቀዳሚ ተግባር ተማሪው ከያዘው አቋም ጋር የማይስማማውን፥ የሚጎረብጠውን እውነታ መቀበል እንዲለምድ ማድረግ እንደ ሆነ ተናግሯል፤ እንዲህ ያለ የሚጎረብጥ እውነታ የሌለበት አቋም የለምና፥ የመምህሩም አቋም ጭምር።

ለእኛ ለካቶሊካውያን የሚያስገርመው፥ በምሳሌው ውስጥ እኛም መገኘታችን ነው። ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መንግሥት ግንኙነት በሚሰጥ ትምህርት አንድ አጥባቂ ካቶሊካዊና አንድ ፍሪሜሶን አብረው ቢቀመጡ፥ ሁለቱን ወደ አንድ ፍርድ ማምጣት አይቻልም ይላል፤ መምህሩ ግን በዕውቀቱ ሁለቱንም መጥቀም መፈለግ አለበት። ይህን ቦታ መጀመሪያ ሳነብ ተማሪ ነበርሁ፤ ፍሪሜሶኑን ረስቼ፥ «እኔን በሚንቀኝ መምህር ፊት ብቀመጥ ኖሮ ይህን ሕግ ምንኛ በወደድሁት» ብዬ አሰብሁ። ሕጉ የሚመዘነው ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ሳይሆን ከወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው።

አስተሳሰቡ ከሩቅ አገር የመጣ ቢመስልም ለእኛ ጆሮ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የአንድምታ መምህራን አንዱን ቃል ሲተረጉሙ አንድ ፍቺ ይሰጡና «አንድም» ብለው ሌላውን፥ ደግሞም «አንድም» ብለው ሦስተኛውን ያስከትላሉ። ደቀ መዝሙሩ ሁሉንም በቃሉ ይይዛል። እርግጥ ነው፥ የአንድምታ መምህር ፍቺዎቹን ሁሉ የሚያቀርበው በአንድ እምነት አጥር ውስጥ ሆኖ ነው። የፖለቲካ መምህር አጥር የት እንደ ሆነ ግን ገና ልንመለስበት የሚገባን ነገር ነው።

የቬበርን ክርክር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ ያወቀ ትውልድ በአገራችን አለ። ከአብዮቱ በኋላ በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ትምህርት፥ ተማሪው ሐኪምም ሊሆን መሐንዲስም፥ የግድ የሚወሰድ ነበር። ያስተማሩት ሁሉ አስመሳዮች ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ ከልባቸው አምነውበት በቅንነት ያስተማሩ ነበሩ። ሆኖም የፈተናው መልስ ከፈተናው በፊት ይታወቅ ነበር። ተማሪው የሚያምነውን በልቡ፥ የሚጽፈውን በወረቀቱ ለይቶ መያዝ ተማረ። ይህም ልማድ ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ አብሮ አልወደቀም። እኔ ማስተማር ስጀምር የተቀበሉኝ ተማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት ያጠኑ የነበረው መጽሐፉን ሳይሆን እኔን ነበር። የትኛውን ጋዜጣ እንደምይዝ፥ ከየት አገር እንደ መጣሁ፥ በየትኛው ቃል ላይ ድምፄ እንደሚወፍር ይመዘግቡ ነበር። አልፈረድሁባቸውም፤ እኔም በጊዜዬ እንዲሁ አድርጌአለሁ። ደግሞም በ1985 ዓ.ም. ከ40 የሚበልጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራ ሲሰናበቱ፥ ከነገሩ የተማሩት ተማሪዎች ብቻ አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ በብዙዎቻችን ዘንድ ዝምታ የቬበር መርሕ ይሁን የፍርሃት ልብስ ለመለየት አስቸጋሪ ሆነ። እኔ ራሴ ስለ እኔ ለመለየት ተቸግሬአለሁ።

በዚህ ላይ አንድ የቤታችንን ታሪክ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1945 በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሊያስተምሩ ከካናዳ የመጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር አባላት፥ የካህናት ልብስ ሳይለብሱ፥ ተማሪዎቹን ወደ ራሳቸው ሥርዓት ሳይስቡ እንዲያስተምሩ በንጉሠ ነገሥቱ ተጠይቀው ነበር፤ እነርሱም ተቀበሉ። ከእነርሱ አንዱ የሆኑት ዶክተር ሉሲያን ማት እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን አቋቁመው መሩ፤ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ሥር ያ ኮሌጅ ነው። እንግዲህ እነዚያ መነኮሳት በኮትና በክራባት ሲያስተምሩ እምነታቸውን ካዱን? አልካዱም። ማን እንደ ሆኑ አገር ያውቅ ነበርና። ማንነታቸው የታወቀ፥ ስብከታቸው የተገታ ሰዎች ነበሩ። ለብዙ ጊዜ ራሴን ከእነርሱ ጋር እያመሳሰልሁ ስጽናና ኖሬአለሁ፤ ልዩነቱን ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው። የእኔ ስብከት የተገታ ነበር፥ ማንነቴ ግን አይታወቅም ነበር። ተማሪው የሚጠበቀው ከምን እንደ ሆነ ካላወቀ፥ እንዴት ራሱን ይጠብቃል?

ወደ ሙኒክ እንመለስ፤ ከተማይቱ ስለዚህ ጉዳይ ከአንድ በላይ ትምህርት አላት። ቬበር እ.ኤ.አ. በ1919 በዚያ ከተማ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። በጥር ወር 1920፥ የባቫሪያን ጠቅላይ ሚኒስትር ኩርት አይስነርን የገደለው ወጣት መኰንን የሞት ፍርዱ ወደ እስራት ሲለወጥለትና ብዙ ተማሪዎች በደስታ ሲያጨበጭቡ፥ ቬበር በክፍሉ መግቢያ ላይ ስለ ጉዳዩ ተናገረ። በማግስቱ ወይም በዚያው ሰሞን ተቃዋሚ ተማሪዎች በጩኸት ትምህርቱን አወኩበት። እንግዲህ ሕጉን የደነገገው ሰው ሕጉን ለመጠበቅ ያልቻለበት ሰዓት መጣ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ሞተ። በዚህ ቬበርን የሚያፌዝበት ሰው ቢኖር እኔ ከእርሱ ጋር አልሆንም፤ ሕጉን አክብሮ የኖረ ሰው አንድ ቀን ሲተላለፈው፥ ጉዳዩ ምን ያህል ከብዶት እንደ ነበር እናውቃለን። ሁልጊዜ የሚናገር መምህር ግን የትኛው እንደ ከበደው ማን ያውቅለታል?

ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ኩርት ሁበር የሚባል የፍልስፍና መምህር ነበረ። ሁበር ከመጀመሪያው ጀግና አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1940 የናዚ ፓርቲ አባል ሆኖ ነበር። ስለ ላይብኒትስ የሚሰጠው ትምህርት ግን በተማሪ የተጨናነቀ ነበር፤ የሚያውቅ ጆሮ የሚይዘው ሽሙጥ ጣል ያደርግ ነበርና። ከሚሰሙት መካከል ባዮሎጂና ፍልስፍና የምታጠናው ሶፊ ሾል ትገኝ ነበር፤ ወንድሟ ሐንስ የሕክምና ተማሪ ነበር። ነጭ ጽጌረዳ በሚል ስም በሥውር ወረቀት ይበትኑ የነበሩት ተማሪዎች ቀርበው ሲያናግሩት ሁበር ከእነርሱ ጋር ሆነ፤ ከስታሊንግራድ ሽንፈት በኋላ የተበተነውንም ስድስተኛውን ወረቀት ጻፈላቸው። ሐንስና ሶፊ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1943 በዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ውስጥ ያን ወረቀት ሲበትኑ ተያዙ፤ በአራተኛው ቀን በሞት ተቀጡ። መምህሩ ዶክትሬቱን ዩኒቨርሲቲው ከገፈፈው በኋላ ለፍርድ ቀረበ፤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1943 ተገደለ። በእስር ቤት ሳለ ስለ ላይብኒትስ የሚጽፈውን መጽሐፍ ይቀጥል ነበር።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሰዎች የማያነሡት አንድ ትንሽ ነገር እኔን ይይዘኛል። ሁበር በጻፈው ረቂቅ ውስጥ ተማሪዎች ከጀርመን ጦር ጎን እንዲቆሙ የሚል ቃል ነበረበት፤ እርሱ ወግ አጥባቂና አገሩን የሚወድ ሰው ነበርና ጦሩን ከፓርቲው ለይቶ ያይ ነበር። ሐንስ ሾልና ጓደኛው አሌክሳንደር ሽሞረል ግን ከጦር ግንባር የመጡ ነበሩ፤ ያን ቃል አንቀበልም ብለው ሰረዙት። በዚህም መካከላቸው ቅሬታ ተፈጠረ። ወረቀቱ የወጣው ተማሪዎቹ አርመውት ነው። መምህሩ ልቡን ባይከፍትላቸው ኖሮ የሚያርሙት ነገር ባልነበረ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ሁለት ከጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች ወደ አሜሪካ የተሰደዱ የፖለቲካ ፈላስፎች በቬበር ላይ ብርቱ ትችት አቀረቡ። ሊዮ ሽትራውስ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ሲል ይሞግታል፦ በአንድ የማጎሪያ ካምፕ ውስጥ የሚደረገውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘርዝሮ፥ «ጭካኔ» የሚለውን ቃል ግን ላለመጠቀም የሚጠነቀቅ ሰው ከፍርድ ነፃ አልሆነም፤ እንዲያውም ያየውን በትክክል አልገለጸም። ኤሪክ ፈገሊን ደግሞ ኦስትሪያ በሂትለር ስትያዝ እ.ኤ.አ. በ1938 ከቪየና ሸሽቶ፥ በ1958 ወደ ሙኒክ መጥቶ የፖለቲካ ሳይንስ ተቋም አቋቋመ፤ በ1964ም ስለ ሂትለርና ስለ ጀርመናውያን ተከታታይ ትምህርት ሰጠ። በዚያ ትምህርት ማንንም አልማረም። ዳኞችን፥ ምሁራንን፥ የፕሮቴስታንትንም የእኛንም ቤተ ክርስቲያን መሪዎች እየጠራ ዝምታቸውን መረመረ። ለእኛ ማንበቡ ደስ አይልም፤ ነገር ግን ቬበር የሚጎረብጥ እውነታ ያለው ይህንኑ አይደለምን? ፈገሊን ያቋቋመው ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የሚጠራው በሾል እኅትና ወንድም ስም ነው። የፖለቲካ ሳይንስ ቤት ስሙን ያገኘው ከመምህር ሳይሆን የፖለቲካ ሳይንስ ካልተማሩ ሁለት ተማሪዎች መሆኑ፥ እኛን ባለ ሙያዎቹን ጥቂት ሊያሳፍረን ይገባል።

ከዚህ ተነሥቶ ቀላል መልስ መስጠት የሚቻል ይመስላል፦ ቅን ሰዎች በሚለያዩበት ነገር መምህር ዝም ይበል፤ የሰው ክብር በሚረገጥበት ነገር ይናገር። ፓርላማ ይሻላል ወይስ ፕሬዚዳንት፥ ግብር ምን ያህል ይሁን በሚለው ላይ ተማሪው የመምህሩን ሐሳብ ባያውቅ ምንም አይጎድልበትም። ሰው ስለ ዘሩ ይገደል ወይ በሚለው ላይ ግን «አንድም ይገደል፥ አንድም አይገደል» የሚል መምህር የለም፤ ቢኖር ሊቆም የሚገባው በሰገነት ላይ አይደለም። ያ የቀረልን የአጥር ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው ልል እችል ነበር፤ እስከዚህም አምንበታለሁ።

ችግሩ አጥሩን ማን ይተክለዋል ነው። በአገራችን ክርክር ውስጥ ማንም ቢሆን የእኔ ጉዳይ ቅን ሰዎች የሚለያዩበት ነው ብሎ አይመጣም፤ ሁሉም የሚመጣው የሕልውና ጉዳይ ነው እያለ ነው። አንቀጽ 39 ለአንዱ የተረገጠ የሰው ክብር የተመለሰበት ቃል ነው፤ ለሌላው የአገር ሞት ፍርድ ነው። ሁለቱም ልጆች በቅንነት ያለቅሳሉ። መምህሩ ይህን «አከራካሪ» ብሎ ሲፈርጀው ራሱ ፍርድ ሰጥቷል፤ ከሁለቱም ጋር ተጣልቷል።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝን ልናገር። በዝምታዬ የምመካ ሰው ነበርሁ ብያለሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ክፍል፥ ለድሃ አገር ልማት የሚበጀው አንድ ጠንካራ ፓርቲ ነው ወይስ የፓርቲዎች ውድድር የሚል የጽሑፍ ሥራ ሰጠሁ። አንዱ ተማሪ ለአንድ ፓርቲ ተከራከረ፤ ሌላው ለውድድር። እኔ በልቤ ከሁለተኛው ጋር ነበርሁ፤ ይህንንም ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለመጀመሪያው ሲ፥ ለሁለተኛው ቢ ሰጠሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቢሮ ስለቅ፥ ከመደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሱ ወረቀቶች ወረዱ፤ ሁለቱም ከመካከላቸው ተገኙ። ቆሜ አነበብኋቸው። በመጀመሪያው ኅዳግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፥ «ማስረጃ ይጎድለዋል» የሚል ጽፌአለሁ። ማስረጃ ነበረው፤ የደቡብ ኮርያንና የታይዋንን ታሪክ በሚገባ አቅርቦ፥ ሊቃወመው የሚችለውን ሐሳብ ሳይቀር አንሥቶ ነበር። ሁለተኛው አንዳች አገር እንኳ አልጠራም፤ በትልልቅ ቃላት የተሞላ ነበር። በእርሱ ኅዳግ ላይ የጻፍሁት «ጥሩ» የሚል ብቻ ነው።

ስለዚህ አፌን ዘግቼ በእጄ ስናገር ኖሬአለሁ ማለት ነው። ከሰገነቱ ያልወረደው ፍርድ በቀይ እስክሪብቶ በኩል ወረደ። ያም ተማሪ ለአቤቱታ አልመጣም፤ ምን ብሎ ይመጣል? እኔ አቋም የሌለኝ ሰው ነበርሁና የሚከሰኝበት ነገር አልነበረም። አቋሜን አውቆት ቢሆን ኖሮ፥ ቢያንስ ለምን እንዲህ ሆነብኝ ብሎ የሚጠረጥርበት በር ይኖረው ነበር። የዚያን ተማሪ ውጤት ዛሬ ልመልሰው አልችልም። የት እንዳለም አላውቅም።

ይህን ስጽፍ መናገር ዝምታን ያድነዋል ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የሚናገር መምህር ሌላ ፈተና አለበት፤ ያደረ ተማሪ ከዚያን ቀን ጀምሮ የመምህሩን ቃል ለመምህሩ ይመልስለታል፥ መምህሩም የራሱን ድምፅ ሲሰማ ዕውቀት ይመስለዋል። በሙያችን ደግሞ ድምፅ የሚሸጥበት ገበያ አለ። ደመወዙ ለቤት ኪራይ የማይበቃ መምህር ከአንዱ ድርጅት ጥናት፥ ከሌላው ምክር ይለመናል፤ ራዲዮ ይጠራዋል። የሚከፍለው ምን መስማት እንደሚፈልግ ገና በሩን ሳያንኳኳ ይታወቃል። በክፍል ውስጥ አቋም የለኝም የሚል ሰው በጥናቱ ማጠቃለያ ላይ አቋሙን በገንዘብ ሲያስቀምጥ አይቻለሁ። ስለዚህ ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ለዛሬ ይብቃ።

ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስ ስለ መምህር ሲናገር መምህሩን ከሐኪም ጋር ያመሳስለዋል፤ የሚፈውሰው የታማሚው ተፈጥሮ ነው፥ ሐኪሙ ግን ያግዘዋል፤ እንዲሁም የሚያውቀው የተማሪው አእምሮ ነው። ከዚህ ትምህርቱ ይልቅ ግን እኔን የረዳኝ የአጻጻፍ ልማዱ ነው። በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ መጀመሪያ የሚያስቀምጠው የተቃዋሚዎቹን ምክንያት ነው፤ ያውም በሚቻለው ብርታት። የራሱን መልስ ደግሞ አይደብቅም፤ «እኔ ግን እመልሳለሁ» የሚለውን በተራው ያመጣል። ቬበር የጠላው ስብከት በዚያ የለም፤ ሽትራውስ የጠላው የፍርድ ሽሽትም የለም። የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ተቃዋሚው ጽሑፉን ቢያነብ «አዎን፥ እኔ ያልሁት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ ያልቀረበ ክርክር፥ ለመመለስ አልበቃም።

በዚህ መሠረት ልማዴን በጥቂቱ ለወጥሁ። የፈተናና የጽሑፍ ወረቀቶችን ያለ ስም፥ በቁጥር ብቻ አርማለሁ፤ ይህ ሁሉን አያድንም፥ የእጅ ጽሑፍ ይታወቃልና። ከማስተማር በፊት በእያንዳንዱ ርእስ ላይ የምቃወመውን ክርክር በጽሑፍ አዘጋጅቼ፥ ያን ሐሳብ ለሚይዝ ባልደረባ አሳየዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ «ይህ እኔን አይደለም» ብሎ መልሶልኛል። ውጤቱ ተመዝግቦ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ፥ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፥ የሚፈልግ ሊቀመጥ የሚፈልግ ሊሄድ ፈቅጄ፥ ለተጠየቅሁት ሁሉ የማምነውን እመልሳለሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ብዙዎቹ ተቀመጡ። ያው አንቀጽ ተነሣ። እኔም ተናገርሁ፦ ሕዝብ ስለ ዕድሉ መጠየቁ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንቀጹ ግን ሰውን ከሰውነቱ ይልቅ በወገኑ የሚቆጥር ስለ ሆነ ስሕተት ይመስለኛል አልሁ። ምክንያቴንም አስረዳሁ። ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዳንዶቹ በመስማማት፥ አንዳንዶቹ በትሕትና ብቻ እንደ ነበር አውቃለሁ። በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ግን እጇን አነሣች። «መምህር፥» አለች፥ «ሰውን በሰውነቱ ብቻ መቁጠር የሚቀለው፥ ስለ ወገኑ ማንም ጠይቆት ለማያውቅ ሰው ነው። እርስዎን ጠይቆዎት ያውቃል?»

አሰብሁ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ይህንኑ ነገርኋት። ከደጅ የሚቀጥለው ክፍል ተማሪዎች ተሰልፈው ይጠብቁ ስለ ነበር ተነሣን። እኔም ከመውጣቴ በፊት ጠረጴዛው ላይ ጐንበስ ብዬ ቃሏን በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍሁት። በተከታዩ ዓመት ስለዚያ ርእስ ትምህርቱን የከፈትሁት በእርሷ ጥያቄ ነው፤ ክፍሉም ከወትሮው ይልቅ ዝም አለ።